ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ መሀል ከተማ የማይረሳ እራት እንዴት ይበላል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የቦሌ ሰው ሲርበው ከቤቱ ወጥቶ ይበላል። እኛ ግን ደህና ሬስቶራንት እራት ለመብላት ቀን እንቆርጣለን፣ መኪና እናፈላልጋለን፣ ልጆቹን ለጎረቤት አደራ እንላለን። ይህን ሁሉ ለፍተን ሄደን ምሽቱ ሲበላሽ ያንገበግባል።

እንደኔ እንደኔ ምሽቱን የሚያበላሸው ምግቡ አይደለም። ምግቡ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጣጣው ያለው ቢሉ ላይና ወደ ቤት በሚመልሰው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከመጨረሻው እንጀምር።

መጀመሪያ የመመለሻ መኪና

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቦሌ ቆማችሁ በአፕ መኪና ጠራችሁ እንበል። ሹፌሩ ይደውላል። «ወዴት ናችሁ?» ይላል። «ኮዬ» ስትሉት መስመሩ ላይ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ወይ «ባዶዬን ነው የምመለሰው፣ ጨምሩበት» ይላል፣ ወይ ጉዞውን ይሰርዘዋል። እውነት ለመናገር ሹፌሩ ላይ አይፈረድም። በዚያ ሰዓት ከኮዬ ወደ መሀል ከተማ የሚመለስ ሰው ከየት ያገኛል?

መፍትሔው ሰፈራችሁ ውስጥ ነው። ቀን ቀን ከተማ ሲሠራ ውሎ ማታ መኪናውን እናንተው ግቢ የሚያቆም ሹፌር አይጠፋም። ለእሱ እናንተን መጫን ወደ ቤቱ በሚገባበት መንገድ ላይ የተገኘ ገቢ ነው። ከሁለት ከሦስት ቀን በፊት ስልኩን ተቀበሉ። ሰዓቱን፣ የሚያነሳችሁን ቦታና ዋጋውን ተነጋገሩ። «እንደዋወላለን» ተብሎ የተቀረ ቀጠሮ ቀጠሮ አይደለም። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ደውላችሁ አስታውሱት።

የራሳችሁን መኪና የምትይዙ ከሆነ መጠጥ የማይነካው ማን እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ ይወሰን። ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉም «እኔ ደህና ነኝ» ባይ ነው። ለብሎኩ ዘበኛም እንደምታመሹ ንገሩት። በሩ ተቆልፎ እሱን ለመቀስቀስ መጮህ ጎረቤቱን ሁሉ ያስነሳል።

ቀኑን መምረጥ

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ካልሆነ በቀር ከጋበዛችኋቸው አንዱ ጿሚ መሆኑ አይቀርም። በሁዳዴ 55 ቀናትና ከነሐሴ 1 ጀምሮ ባለው ፍልሰታም እንዲሁ ነው። የጾም ምግብ ሬስቶራንት ውስጥ አይጠፋም፣ ግን ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሽሮ ማዘዝ ሆድ ያስብሳል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከተማው ይጨናነቃል። እኔ ሐሙስን እመርጣለሁ። ቦታው ሰፋ ይላል፣ አስተናጋጁም ጊዜ አለው። ጿሚዎች ግን እኩለ ሌሊት ሳይገባ ሥጋውን ቢጨርሱ ይሻላል!

የሚጋበዙት ክርስቲያንም ሙስሊምም ከሆኑ የሥጋውን ነገር ቀድማችሁ አስቡበት። የማን እርድ እንደሆነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ሁሉንም ያሳቅቃል። ቤቱን በስልክ ጠይቁ፣ ወይም ዓሣና አትክልት በደንብ የሚሠራ ቦታ ምረጡ።

ቦታውን መምረጥ

«የት እንብላ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?» በሉ። ለመጨዋወት ነው ወይስ ለትርኢት? ዘመድ ከውጭ መጥቶ ከሆነ ወይም ልጅ ተመርቆ በቡድን ከሆናችሁ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያለ የባህል ምግብ ቤት ጥሩ ነው። እስክስታ አለ፣ የጉራጌና የወላይታ ጭፈራ አለ፣ ደስ ይላል። ግን በጆሮ ካልተጯጯሁ መነጋገር አይቻልም። የጋብቻ በዓላችሁን ልታከብሩ ከሆነ እዚያ አትሂዱ፣ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ለሁለት ሰው ጸጥ ያለ ክፍል፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስና በደንብ የሠለጠነ አስተናጋጅ ከፈለጋችሁ የትልልቆቹ ሆቴሎች ሬስቶራንቶች አሉ። ሒልተን፣ ሸራተን፣ ስካይላይት የሚባሉት ማለቴ ነው። ለኮዬና ለቱሉ ዲምቱ ሰው ስካይላይት አንድ ጥቅም አለው። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ስለሆነ መሀል ከተማውን ሳያቋርጡ በቡልቡላ በኩል ይደረሳል። ለየካ አባዶ ሰው ደግሞ መገናኛና ሃያ ሁለት አካባቢ ያሉት ይቀርቡታል። በጣም የሚያምረው ቦታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ከሆነ ውበቱ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል።

እንጦጦ ላይ እራት የሚያምራችሁ፣ ከተማው ከላይ ሲታይ መቼም ልብ ይሰርቃል። ግን ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወፍራም ካፖርት ያዙ። በስስ ቀሚስ በረንዳ ላይ የተቀመጠች ሴት የምታየው ከተማውን ሳይሆን ሰዓቷን ነው።

ስልክ መደወል

ብዙ ሰው ቦታ ማስያዝ የሀብታም ነገር ይመስለዋል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። አነጋገሩ ይህን ያህል ነው፦ «ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ለሁለት ሰው ቦታ ለመያዝ ነበር። መስኮት አጠገብ ቢሆንልን።» በአፕ ወይም በኢሜይል ከሆነ ሰዓቱን አረጋግጡ። ሆቴሎች በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፉ የእናንተ 1 ሰዓት እነሱ ጋ 7 ሰዓት ነው።

እዚያው ስልክ ላይ ሳላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ኬክ ይዞ መምጣት ይቻላል? የራስን ወይን ይዞ ለሚመጣ ማስከፈቻ ስንት ነው? ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አለበት?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች።

ሂሳቡን ቤት ሆኖ ማስላት

በየስልኩ የሚዞር የሜኑ ፎቶ አለ። አትመኑት። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ዋጋ ብዙ ተቀያይሯል፣ ከዚያ በፊት የተነሳ ሜኑ ለትዝታ ካልሆነ አይጠቅምም።

አሁን ስሌቱን እዩት። ያዘዛችሁት ምግብና መጠጥ በሜኑው 4,000 ብር ሆነ እንበል። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ ከሆነ 400 ብር ይጨመራል። 4,400 ሆነ። ቫቱ 15 በመቶ ሲሆን የሚሰላው ሰርቪሱ በተጨመረበት ላይ ነው፣ እሱም 660 ብር። ድምሩ 5,060 ብር። ከአራቱ ሺህ ላይ ከሩብ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ሜኑ ስታዩ ዋጋው ላይ ሩቡንና ትንሽ ፈሪ ጨምራችሁ አንብቡት። 6,000 ብር ይዞ የወጣ ሰው ሜኑው ላይ 4,500 አካባቢ ሲደርስ ቢያቆም ላብ አያጠምቀውም።

ገንዘቡን በሁለት መንገድ ያዙ። ቴሌብር ወይም የባንክ አፕ ይኑር፣ ጥቂት ጥሬ ብርም ይኑር። ኔትወርክ መጥፋት የሚወደው ቢል ሲመጣ ነው። ስልካችሁም ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ሹፌሩም ክፍያውም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከቤት መውጣት

ክረምት ከሆነ ከብሎካችሁ እስከ አስፋልቱ ያለው ጭቃ ማንንም አያከብርም። ጥሩው ጫማ በፌስታል ይያዝ፣ እስከ መኪናው በአሮጌው ይኬድ። መኪና ውስጥ ይቀየራል። አሮጌው እዚያው ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ የሚመልሳችሁም ያው ሹፌር ከሆነ እሱ ጋ ይቆያል፣ ማታ ሲመለሱ ይፈለጋል።

ማታ የሰው ጎርፍ የሚፈሰው ከመሀል ወደ ዳር ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚገባው መስመር ትንሽ ይሻላል። ቢሆንም ቃሊቲና ሳሪስን አትመኗቸው። የ1 ሰዓት ቀጠሮ ካላችሁ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ማኪያቶ ትጠጣላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ

ሰፈራችሁ ሥጋ ቤት የሚሠራውን ክትፎ እዚያ ሄዳችሁ በእጥፍ ዋጋ አትብሉ። ቤት የማይሠራ፣ ሰፈር የማይገኝ ነገር እዘዙ። ሜኑው ላይ የማታውቁት ስም ካለ አስተናጋጁን ጥሩና «ይሄ ምንድነው? ከምን ጋር ነው የሚመጣው?» በሉት። ሥራው ነው። ማፈር ያለበት አፍሮ ሳይጠይቅ ያላሰበው ምግብ የመጣለት ሰው ነው።

ስቴክ ካዘዛችሁ አበሳሰሉን ይጠይቋችኋል። የአገራችን በሬ ሥጋ ስብ ስለማይበዛበት በደንብ ሲበስል ይደርቃል። ሚዲየም በሉ። ጥሬ ቁርጥ በሚጥሚጣ የሚበላ ሰው ስቴክ ውስጥ ቀላ ያለ ነገር ሲያይ ለምን እንደሚደነግጥ አይገባኝም።

ከዋናው ምግብ በፊት የሚመጣውን አንድ አዛችሁ ተካፈሉ። ወይን ካማራችሁ የውጭው በጣም ውድ ነው። ከዝዋይ ወይን የሚሠራው ሪፍት ቫሊ አለ፣ ጣፈጥ ያለ ለሚወድ አክሱማይት አለ፣ ጠንከር ያለ ለሚወድ ጉደር አለ። ጉርሻ አይከለከልም። ሹካና ቢላዋ ስለተደረደረ ባለቤታችሁን ሳታጎርሱ አትነሱ።

ቢል ሲመጣ

በእኛ አገር እራት የሚያልቀው በትግል ነው። «በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!» «አይሆንም፣ ሞቼ ነው!» ከጋባዥነት የማታፈገፍጉ ከሆነ ዋናው ምግብ እንደተነሳ እጅ ለመታጠብ ብላችሁ ሂዱና ካሸሩ ጋ ጨርሱ። ቀድሞ የከፈለን ማንም አያሸንፈውም።

ደረሰኙን አንብቡ። ያላዘዛችሁት ውኃ ወይም ሁለቴ የተመታ ማኪያቶ ካለ በጨዋ ደንብ ይነገር፣ ያስተካክላሉ። ሰርቪስ ቻርጅ መክፈላችሁ አስተናጋጁ እጅ ላይ ገባ ማለት አይደለም። በደንብ ካስተናገዳችሁ ለእሱ ለብቻው በእጁ ስጡት። የተረፈውን ምግብ ደግሞ ያለ ይሉኝታ አስጠቅልሉ፣ የተከፈለበት ነው። ልጆቹ ተኝተው ቢሆን እንኳ ጠዋት «ምን አመጣችሁልን?» ማለታቸው አይቀርም።

ቢሉ ሲጠየቅ ለሹፌሩ ደውሉለት። ከፍላችሁ በር ላይ ቆማችሁ መጠበቅ የለም። ሂሳቡን በቴሌብር የምትልኩለት ከሆነ ገና ከተማ ውስጥ ሳላችሁ፣ ኔትወርኩ ሳይንገዳገድ ላኩለት። ለዘበኛውም ከዝርዝሩ ጥቂት አስቀሩለት፣ በሩን የሚከፍተው ከእንቅልፉ ተነስቶ ነው።