በደም ውስጥ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት በፍጥነት እንዴት ይፈተሻል?

ፈጣን ምርመራ የሚያገኘው የተሠራበትን ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ኪቱን ከመክፈታችሁ በፊት ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ። እንደ ዲያዜፓም ያለ ቤንዞዲያዜፒን ነው? እንደ ፊኖባርቢታል ያለ ባርቢቹሬት? ወይስ ዞልፒደም? ዞልፒደም በቤንዞዲያዜፒን ኪት አይያዝም፣ የራሱን ይፈልጋል።

ደሙን ሶዲየም ፍሎራይድና ፖታሲየም ኦክሳሌት ባለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ ውሰዱ፤ ፍሎራይዱ ናሙናው እንዳይበላሽ ይረዳል፣ ኦክሳሌቱ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ጄል ያለበትን ቱቦ ተዉት፣ ጄሉ አንዳንድ መድኃኒቶችን ይመጥጣል። ቱቦውን አትናጡት፣ ቀስ እያላችሁ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ገልብጡት። አልኮልም አብሮ የሚመረመር ከሆነ ቆዳውን በአልኮል አትጥረጉ። ወዲያው የማይሠራ ናሙና ፍሪጅ ይግባ፣ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፤ ክሎናዜፓምና ዞፒክሎን በተለይ ሙቀት ላይ ከቆዩ ይጠፋሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ለሽንት የተሠራ ኪት ላይ ደም አታንጠባጥቡ! ደም ወፍራም ነው፣ ፕሮቲንና ሄሞግሎቢን ሞልቶበታል፣ ደግሞም ሽንት ውስጥ የሚበዛው የመድኃኒቱ ስብርባሪ እንጂ ራሱ መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። ለደም የተዘጋጀ ኤላይዛ (መድኃኒቱን በፀረ እንግዳ አካልና በቀለም ለውጥ የሚለይ ምርመራ) ካላችሁ ደሙን አምራቹ ባለው ልክ በበፈር፣ ማለትም በማቅጠኛ ፈሳሹ፣ አቅጥኑና ሥሩ። የማነጻጸሪያ ናሙናዎቹም መድኃኒት በሌለበት ደም የተዘጋጁ ይሁኑ፣ በውኃ አይደለም። ከመቁረጫው መጠን (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን ከሚለየው ወሰን) ትንሽ ዝቅና ትንሽ ከፍ ያሉ ሁለት ኮንትሮሎች፣ ማለትም መጠናቸው የታወቀ መፈተሻ ናሙናዎች፣ በየዙሩ አስገቡ፤ እነሱ ከሳቱ ዙሩን በሙሉ ጣሉት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ ዓይነቱ ኤላይዛ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር መድኃኒቱ ያንሳል። አዲስ ሰው ሁሌ ገልብጦ ያነበዋል።

ፖዘቲቭ ከወጣ የምታውቁት የመድኃኒቱን ቤተሰብ ነው፣ የትኛው እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። ከዋናው ቱቦ ሌላ ድርሻ ቀድታችሁ በጂሲ ማስ ወይም በኤልሲ ማስ (መድኃኒቶቹን ለያይተው በክብደታቸው በሚለዩ መሣሪያዎች) አረጋግጡ። ፊኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ በሐኪም የታዘዘ ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ ከደም እስኪወጣ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፤ መገኘቱ ብቻ መመረዝ ማለት አይደለም።

ኔጌቲቩ ግን የባሰ ያታልላል። ሎራዜፓምና ክሎናዜፓም በትንሽ መጠን ስለሚወሰዱ ብዙ ኪት ይስታቸዋል፣ ጂኤችቢ የሚባለው አደንዛዥ መድኃኒት ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ሰውየው ደንዝዞ ከተኛ ሕክምናው የውጤት ወረቀቱን አይጠብቅም።

ውጤት ስትልኩ «በቅድመ ምርመራ ፖዘቲቭ፣ ያልተረጋገጠ» ብላችሁ ጻፉ። ኔጌቲቭ ከሆነም ኪቱ የማያያቸውን መድኃኒቶች ስም ከሥሩ ዘርዝሩ፣ ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው።