ስለ ስለላ ሕግ ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎካችን ሥር ጀበና ቡናው አጠገብ ተቀምጬ የልጆች ጽሑፍ አነባለሁ። ልጆች የምላቸው ሃያዎቹን ያጋመሱ ናቸው። አንዱ ሕግ ይማራል፣ አንዷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርታ ወጥታለች፣ ሁለቱ ያስተምራሉ። ሁላችንም ወደ ግራ እናዘነብላለን፤ የቤት ኪራይ ሲደርስ ደግሞ ይብስብናል። የሚጽፉት መንግሥት የዜጋውን ስልክና ቤት ስለሚከታተልባቸው ሕጎች ነው። ጎበዞች ናቸው። ግን ያው ስህተት በየሳምንቱ ከሌላ እጅ ሲመጣልኝ ቡናው ይመረኛል፤ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

አዋጁን ሳያነቡ በአዋጁ መቆጣት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ባለፈው ክረምት አንዱ ልጅ ሦስት ገጽ አምጥቶ ሰጠኝ። መነሻው እንዲህ ይላል፦ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንግሥት በዚያው ዓመት ፍርሃቱን ሕግ ለማድረግ የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2009ን አወጣ። ሲነበብ ያምራል፣ ምክንያቱና ውጤቱ ተከታትለው ይመጣሉ። አዋጁ ግን የወጣው በ2001 ነው! 2009 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው። ልጁ ቁጥሩን ከአንድ የእንግሊዝኛ ዘገባ ገልብጦ፣ ስምንት ዓመት ወደፊት ዘሎ፣ ባልነበረ ቅደም ተከተል ላይ ታሪክ ገነባ። ከሦስቱ ገጽ ሁለቱ የቆሙት በዚያ ላይ ነበር። ስነግረው «ዋናው ሐሳቡ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። አይደለም። አንድ ባለሥልጣን ይህን ቢያነብ የሚመልሰው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ሐሳቡን የሚነካበት ምክንያት የለውም።

ነጋሪት ጋዜጣን ገልጣችሁ እዩ። ባንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ አለ፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው፣ ይህም በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተደንግጓል። እኛስ ምን እናደርጋለን? በአማርኛ የወጣ ሕግ እያለ የውጭ ድርጅት በእንግሊዝኛ የጻፈውን ማጠቃለያ እንፈልግና መልሰን ወደ አማርኛ እንተረጉመዋለን። «መጥለፍ» የነበረው ቃል በዚህ ዙር ሄዶ ሲመለስ «ጣልቃ መግባት» ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጣልቃ የሚገባ ጎረቤት ነው፣ እናንተ ሰዎች!

ቁጥሮቹን በራሳችን አቆጣጠር ያዙ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል 761/2004፣ የኮምፒውተር ወንጀል 958/2008፣ 652ን የተካው የሽብር ወንጀል አዋጅ 1176/2012፣ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ 1185/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ 1284/2015፣ የግል ዳታ ጥበቃ 1321/2016። ሁለተኛ አልናገርም። (እናገራለሁ።)

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ግማሹን መጥቀስ

የግል ሕይወት የተከበረ ነው፣ ደብዳቤና ስልክ አይደፈርም የሚለውን ሁሉም ይጠቅሳል፤ ቃለ አጋኖም ይጨምርበታል። ንዑስ አንቀጽ 3ን ግን ይዘለዋል። አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከልና ለመሳሰሉት ዓላማዎች፣ በዝርዝር ሕግ መብቱ ሊገደብ ይችላል ይላል። ዐቃቤ ሕግ የሚገባው በዚያ በር ነው። እናንተም እዚያው በር ላይ ጠብቁት፦ ሁኔታው የምር አስገዳጅ ነው ወይ? ሕጉስ ዝርዝር ነው ወይ?

«የስለላ አዋጅ» መፈለግ

እንዲህ የሚባል አዋጅ የለም። ሥልጣኑ ሌላ ስም በወጣላቸው ሕጎች ሆድ ውስጥ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅን ርእሱን ብቻ ያየ ሰው ስለ ቫይረስና ስለ ሌባ ይመስለዋል። አንቀጽ 24 ግን አገልግሎት ሰጪው የግንኙነቱን ዱካ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን፣ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል። አንቀጽ 25 ደግሞ ግንኙነትን ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል ብሎ ይጀምርና ወረድ ሲል፣ ጉዳዩ አጣዳፊ ከሆነ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት መፍቀድ ይችላል፤ ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል ይላል። (ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረው መሥሪያ ቤት አሁን ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ይህንንም እየሳታችሁ ነው።) አንድ አንቀጽ ሙሉ ስለ አምባገነንነት ከምትጽፉ እነዚያ 48 ሰዓታት ላይ ቁሙ። ፕሬዚዳንቱ ምክንያቱን ባይቀበለው፣ እስከዚያ የተሰማው ነገር ከሰሚው ጭንቅላት በምን ይወጣል?

ከድሮው 652ም አንድ የማልረሳው አለ፤ አንቀጽ 23። የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም በማስረጃነት ይቀርባል ይል ነበር። ተከሳሹ ማን ሰማኝ፣ እንዴት ሰማኝ ብሎ ሳይጠይቅ ይፈረድበታል ማለት ነው። የሕግ ተማሪያችን ይህን አንብቦ ያዘጋጀው አንድ ገጽ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣል፤ «አምባገነን» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም የለበትም።

በሰኔ 2017 የጸደቀው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚመለከተው አዋጅስ? ስሙን አንብቦ ሳይጨርስ ሰው ያንቀላፋል። በሽፋን ሥር የሚሠራ መርማሪ ለሥራው ሲል ለሚፈጽመው ወንጀል፣ ከግድያ በቀር፣ እንዳይጠየቅ የሚለው ነገር ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው።

ድምፅ ከተሰጠ በኋላ መጮህ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በ2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ገዢው ፓርቲ 410ሩን ወስዷል፤ ስለዚህ ምክር ቤቱ በሕግ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ዜና የለውም። ረቂቁ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራና ኮሚቴው አስተያየት ስጡ ሲል ጻፉ። ያ ካለፈ ደግሞ ደንቡንና መመሪያውን ጠብቁ።

የአሜሪካን ክርክር ተውሶ ጥቅሙን እዚያው መተው

ከአሥር ጽሑፍ ስድስቱ የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያወጣውን ስኖውደንን ይጠቅሳሉ፤ ከዚያ «አሜሪካም ትሰልላለች» ብለው ይዘጋሉ። ይህንን የእኛም ባለሥልጣን ይላል፣ ለሱ ይመቸዋል። ከዚያ አገር መወሰድ የነበረበት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የተወካዮች ምክር ቤታቸው ክፍል 702 የሚባለውን የውጭ ስለላ ሥልጣን ሲያድስ፣ የአሜሪካውያን ግንኙነት ከመፈተሹ በፊት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቅ የሚል ማሻሻያ ቀርቦ 212 ለ212 እኩል ወጥቶ ወደቀ። ከማሻሻያው ጀርባ የነበሩት እነማን ናቸው? የግራ ክንፏ ዴሞክራት ፕራሚላ ጃያፓልና የቀኝ ጥግ ሪፐብሊካኑ አንዲ ቢግስ፣ አብረው። እ.ኤ.አ. በ2013 የስልክ መዝገብ በጅምላ መሰብሰቡን ለማስቆም የሞከሩትም ሪፐብሊካኑ ጀስቲን አማሽና ዴሞክራቱ ጆን ኮንየርስ ነበሩ፤ 217 ለ205 ተሸነፉ። በሌላው ሁሉ የሚጣሉ ሰዎች ናቸው።

እኛ ጋ ደግሞ አንድ የሱቅ ባለቤት የስልክ ንግግሩ በግብር ጉዳይ ይወጣብኛል ብሎ ተጨንቆ፣ ምስክርነት ልስጣችሁ ብሎ መጣ። ከልጆቹ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ «ከንዑስ ከበርቴ ጋር አንሰለፍም» አለ። ስድሳዎቹ ተመልሰው የመጡ መሰለኝ። ሰውየው ቡናውን ጨርሶ ሄደ፤ ሁለተኛም አልመጣም።

ሌላው የሚወሰደው የማብቂያ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ያ ሥልጣን የታደሰው ለ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ወደዱም ጠሉም ተመልሰው ይከራከሩበታል። የእኛው 652/2001 የማብቂያ ቀን አልነበረውም፤ ሌላ አዋጅ እስኪተካው 11 ዓመት ገደማ ኖረ። ረቂቅ ሲመጣ «ይህ ሕግ መቼ ያበቃል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስልኬ ሞቀ፣ ተጠልፌያለሁ

ባትሪህ አርጅቷል። ቀይረው።

መቀለዴ አይደለም፤ መሣሪያው እውነት ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ፊንስፓይ የተባለውን፣ በ2014 የሃኪንግ ቲምን፣ በ2017 የሳይበርቢትን የስለላ ሶፍትዌር ከኢትዮጵያ ጋር አያይዞ አጋልጧል፤ ዒላማዎቹ ውስጥ የኢሳት ጋዜጠኞች ነበሩበት። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማሪያን ክስ ውስጥ ኢሜይልን በምስጢር መቆለፍ መማር ራሱ ተነሥቶ ነበር። ይህ ሁሉ በማስረጃ የተያዘ ነው፤ የእናንተ የሞቀ ስልክ አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጽፉ የመጀመሪያውንም ታስክዱታላችሁ።

ደግሞስ ከተማው ጫፍ ላይ ጆሮው መቼ ማሽን ብቻ ሆነ? ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል የፈጠርነው ኢንተርኔት ሳይመጣ ነው። አንድ ለአምስት በነበረ ጊዜ አምስት ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ሶፍትዌር አላስፈለገውም። ፋብሪካ የሠራችው ልጃችን ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ነገር አለች፦ «እኔን በየቀኑ የፈተሸኝ መንግሥት አይደለም። ስወጣ ቦርሳዬን፣ ስገባ ስልኬን የወሰደው አሠሪዬ ነው።» ግራ ነን እያልን ይህንን ከጽሑፋችን ማስቀረታችን ያሳፍራል።

የራሳችንን መዝገብ መርሳት

ለዚህ ነው የተቀመጥኩት። ግራ ነኝ የሚል ጸሐፊ ስለላን የሌሎች ኃጢአት ብቻ አድርጎ ሲጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የተማሪው ትውልድ የጮኸለት ነገር ነበር። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 300 ብር ለነበረ ተከራዮች ኪራይ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ እስክትሞት ትመርቀው ነበር። ቀበሌ የምንለውንም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ያቋቋመው ይኸው አዋጅ ነው። ቀበሌው ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው መዘገበ፤ ቅናሹን ለማድረስ፣ ስኳርና ጤፍ ለማከፋፈል ያስፈልግ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው መዝገብ በቀይ ሽብር አሰሳ የቤት ቁጥር አመልካች ሆነ። ኪራይ የተቀነሰላት እናትና በሌሊት ልጇ የተወሰደባት እናት ያሉት አንድ ገጽ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዛሬ ኑ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። ተከራይ ነኝ፣ ደስ ብሎኛል፣ አሞግሼ ጽፌያለሁ። ግን ያ ምዝገባ የማን እጅ ላይ ነው ብዬ ሳልጠይቅ ነው ያሞገስኩት። ፋይዳ መታወቂያም እንዲሁ፦ ለድሃው ባንክና ድጎማ የሚያቀርብለት ቁጥር ድሃውን ለማግኘትም ይቀላል። ግራዎች ሆነን መዝገብ ሁሉ ይጥፋ ማለት አንችልም፤ ያለ መዝገብ ኪራይ አይቀነስም። መጠየቅ ያለብን ማን ይከፍተዋል፣ በማን ፈቃድ፣ መቼ ይጠፋል የሚለውን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ሲወጣ ጥበቃውን ራሱን ለቻለ ኮሚሽን ሳይሆን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጠው። ከእኛ መካከል ስለዚህ ስንት ሰው ጻፈ? እኔ አልጻፍኩም። ያን ሰሞን ስለ ስኖውደን እየጻፍኩ ነበር።

ሰውን ገልጦ መጻፍ

ይሄኛው የእኔ ነው። ከዓመታት በፊት ቡና የምታፈላልን ሴት፣ አንድ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ እዚህ ማን ማን ይቀመጣል እያለ እንደሚጠይቃት ነገረችኝ። ጻፍኩት። ስሟን አልጠራሁም፤ ስለዚህ የተጠነቀቅሁ መሰለኝ። ግን የምትቀመጥበትን ጥግ፣ ከጀርባዋ ያለውን የመብራት ትራንስፎርመር፣ እጇ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አንድ በአንድ አስቀመጥኩ። አንባቢ እንዲያያት ፈልጌ ነበር። አዩዋት። በሁለተኛው ሳምንት ተጠርታ ሦስት ቀን ተመላለሰች፤ ከዚያ ጀበናዋን ይዛ ከሰፈሩ ጠፋች። ያ ጆሮ ጠቢ በወራት ያልሰበሰበውን እኔ በአንድ አንቀጽ ሰጥቼው ነበር።

ኋላ ሌላ ቦታ አገኘኋት፤ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ቡና ቀዳችልኝ፣ ብዙም አልተናገረችም። ይህን ጽሑፍ ከመልቀቄ በፊት እሷን የሚመለከተውን ሁሉ አነበብኩላት። ጠባሳው ውሸት ነው፣ ትራንስፎርመሩም እንዲሁ፤ እሷው ናት የመረጠችልኝ። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ሰፈር ስትሰማ ረከቦቱን ማጠብ አቆመችና «እሱንም ቀይረው፣ ጋሼ» አለችኝ። ቱሉ ዲምቱ ያልኩት ያኔ ነው።