ጡረታን ሜክሲኮ ለማሳለፍ ላሰባችሁ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሜክሲኮ ለጡረታ ጥሩ ሀገር ናት። ለአሜሪካ ቅርብ ናት፣ ኑሮዋ ይቀላል፣ ሕዝቧ ትልቅ ሰው ያከብራል። አሜሪካ ውስጥ ሠላሳ አርባ ዓመት ሠርቶ፣ ልጆች አስተምሮ፣ መጨረሻ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲው (የጡረታ አበሉ) የቤት ኪራይ እንኳ የማይሸፍንለት ስንት ወገን አለ። ለዚህ ሰው ቻፓላ ሐይቅ ዳር ያለችው አሂሂክ፣ ወይም ሜሪዳ፣ ወይም ሳን ሚጌል ዴ አየንዴ ትልቅ እፎይታ ልትሆን ትችላለች። ብዙ አሜሪካውያንና ካናዳውያን ጡረተኞች እዚያ ጥሩ ኑሮ እየኖሩ ነው።

ከስሮ የሚመለስም አለ። ምክንያቱን ስትሰሙት ግን ብዙ ጊዜ ስህተቱ የተሠራው ሜክሲኮ ውስጥ አይደለም። ገና አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ አሜሪካ እያሉ ነው። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ኤስ ኤስ አይ ተከትሎኝ ይመጣል ብሎ ማሰብ

ይህን ያስቀደምኩት እኛን ሐበሾችን በተለይ ስለሚነካ ነው። በልጆቻቸው በኩል በስተርጅና አሜሪካ ገብተው በኤስ ኤስ አይ የሚተዳደሩ እናቶችና አባቶች አሉን። ኤስ ኤስ አይና ሶሻል ሴኩሪቲ ከአንድ መሥሪያ ቤት ስለሚመጡ ሰው ያምታታቸዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ሠርታችሁ ያገኛችሁት ስለሆነ የአሜሪካ ዜጋ ሜክሲኮ ተቀምጦም ይከፈለዋል። ኤስ ኤስ አይ ግን ለተቸገረ ሰው የሚሰጥ ድጎማ ነው። ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን በተከታታይ ከቆያችሁ ይቆማል። ስትመለሱም ወዲያው አይቀጥልም፤ መጀመሪያ 30 ቀን በተከታታይ አሜሪካ ውስጥ መቀመጥ አለባችሁ። በኤስ ኤስ አይ ብቻ የሚኖር ሰው ሜክሲኮን ለጉብኝት እንጂ ለኑሮ አያስባት።

በግሪን ካርድ መሄድ ሌላው አደጋ ነው። ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ መራቅ ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ሊያቋርጥባችሁ ይችላል። ከዓመት በላይ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይዙ መቅረት ደግሞ ግሪን ካርዱን ራሱን ሊያሳጣ ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲውም ቢሆን ስድስት ወር ውጭ ከቆየ ሊቋረጥ ይችላል። መጀመሪያ ዜግነት፣ ከዚያ ሜክሲኮ። የዜግነት ፈተናው እንግሊዝኛ የሚያስፈራቸው ወላጆች ካሉ ይህን ንገሯቸው፦ ዕድሜው 50 የሞላና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 የሞላና 15 ዓመት የኖረ ሰው ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይችላል።

ዜጋ ከሆናችሁ በኋላ ደግሞ ግብር አለ። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር የት ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) ገቢውን ያስታውቃል። ውጭ ሀገር ባንክ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ያንንም ለብቻው ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ሜዲኬርን መሰረዝ

ለአዛውንቶች የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ይህን የሰማ ሰው “ታዲያ ካልጠቀመኝ ለምን በየወሩ እከፍላለሁ?” ይልና ፓርት ቢን (በየወሩ የሚከፈልበትን የሐኪም ሽፋን) ይሰርዛል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ዛሬ 66 ዓመታችሁ ነው፣ ጤነኛ ናችሁ። 75 ሲሆናችሁ የልብ ሕመም ቢመጣ፣ ወይም ከእናንተና ከባለቤታችሁ አንዳችሁ ብቻ ብትቀሩ፣ ልጆቻችሁ ጋ መመለስ ትፈልጋላችሁ። ያን ጊዜ ፓርት ቢ ያለሽፋን ላለፈው ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። አምስት ዓመት ካለፈ 50 በመቶ ማለት ነው፤ ቅጣቱም ፓርት ቢ እስካላችሁ ድረስ አይነሳም። መመዝገቢያውም እንደፈለጋችሁ ክፍት አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚመዘገበው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። አቅማችሁ ከፈቀደ ያዙት።

ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ሕጋዊ ነዋሪ ከሆናችሁ ኢምስ የሚባለውን የመንግሥት ጤና መድን በዓመት ክፍያ መግባት ትችላላችሁ። ችግሩ፣ ከመግባታችሁ በፊት የነበሩ አንዳንድ ከባድ በሽታዎች ካሉ አይቀበልም። ለአንዳንድ ሕክምናም ወረፋ ብቻ ሳይሆን የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ዕድሜ በገፋ ቁጥር አዲስ ደንበኛ ለመቀበል ያመነታሉ። የግል ሆስፒታሎቹ ጥሩ ናቸው፤ በተለይ ጉዋዳላሃራ፣ ሞንቴሬይና ሜሪዳ ያሉት። ግን ብዙዎቹ ከማስተኛታቸው በፊት ተቀማጭ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለክፉ ቀን ብቻ የተቀመጠ፣ ያልተነካ ገንዘብ ወይም ክሬዲት ካርድ ይኑራችሁ።

ለጉንፋንና ለሆድ ሕመም ሆስፒታል መሮጥ አያስፈልግም። ብዙ ፋርማሲዎች ጎን ሐኪም አለ፤ በጣም በትንሽ ገንዘብ ያያችኋል። አንቲባዮቲክ ግን ከ2010 ጀምሮ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። የምትወስዱትን መድኃኒት በንግድ ስሙ ሳይሆን በሳይንሳዊ ስሙ ጽፋችሁ ያዙ፤ የንግድ ስሙ እዚያ ሌላ ሊሆን ይችላል።

በቱሪስትነት መኖር

በቱሪስትነት ቢበዛ 180 ቀን ይሰጣል። “ቢበዛ” የሚለውን ልብ በሉ፤ ቀኑን የሚወስነው ድንበር ላይ ያለው ሠራተኛ ነው፣ ሠላሳ ቀንም ሊጽፍ ይችላል። በየስድስት ወሩ ወጥቶ እየገቡ ለዓመታት የኖሩ ነበሩ። አሁን ያ መንገድ አያስተማምንም።

የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው በመደበኛው መንገድ የሚጀምረው ከሜክሲኮ ውጭ፣ ቆንስላ ውስጥ ነው። ጊዜያዊው መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ ተደምሮ እስከ አራት ዓመት ድረስ ይታደሳል። የገቢ መስፈርቱ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ከቆንስላ ቆንስላም ይለያያል። በ2025 በብዙዎቹ ዘንድ በወር ከ4,000 ዶላር በላይ ነበር። ገቢው የማይደርስ ሰው ባለው ቁጠባ ሊያመለክት ይችላል። ቪዛውን ይዛችሁ ስትገቡ በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርባችሁ ወደ ካርድ የመቀየሩን ሂደት መጀመር አለባችሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ድንበር ላይ ቪዛውን ሳያሳይ ቀርቶ ወይም ሠራተኛው ሳያስተውል ቱሪስት ተብሎ ይገባል። ከዚያ ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው። ማህተሙን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።

መኪና ይዘው ለመሄድ ላሰቡ፣ የአሜሪካ ታርጋ ያለው መኪና በጊዜያዊ ነዋሪነት በፈቃድ ይገባል። ቋሚ ነዋሪ ስትሆኑ ግን በዚያ ፈቃድ መያዝ አይቻልም።

ጃንዋሪ ላይ አይቶ መወሰን

ሚኒሶታ ወይም ዲሲ በረዶ ሲጥል ሜሪዳ የሄደ ሰው ገነት የገባ ይመስለዋል። ያችው ሜሪዳ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ከ40 ዲግሪ ታልፋለች። ፖርቶ ቫያርታም ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ወበቋ አያስተኛም። ደጋ ለለመደ ሰው ከፍታ ያላቸው ከተሞች ይሻላሉ። ቻፓላ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሳን ሚጌል ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ፤ የቢሾፍቱ ከፍታ ማለት ነው። እዚያ ግን ቤቶቹ ማሞቂያ ስለሌላቸው የዲሴምበር ሌሊት ይበርዳል። መንገዱም ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን ለሚያመው ሰው ይከብዳል።

ሙቀት ያለበት ከተማ ስትመርጡ መብራቱንም አስቡ። የመንግሥት ኤሌክትሪክ ድርጅቱ የሚደጉመው በልክ የሚጠቀመውን ነው። የዓመቱ አማካይ ፍጆታችሁ ከተወሰነው ካለፈ ድጎማው ይነሳና ሂሳቡ በአንዴ ያሻቅባል። ቀኑን ሙሉ ኤሲ ከፍቶ የሚውል ሰው ይህን የሚያውቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ከተማዋን በመጥፎ ወቅቷ ሳታዩ አትወስኑ።

ቤት ቶሎ መግዛት

ሐበሻ የራሱ ቤት ይወዳል፤ ይገባኛል። ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ተከራዩ። ቀን ጸጥ ያለው ሰፈር ሌሊት ባንድ የሚመታበት ሊሆን ይችላል። ንጋት ላይ ርችት የሚተኮስበት የሰፈር ቅዱስ በዓልም አለ። አሂሂክ በኖቬምበር መጨረሻ የቅዱስ እንድርያስን በዓል ለዘጠኝ ቀን ታከብራለች። ይህ የእነሱ ንግሥ ነው፤ ቅሬታ ማቅረብ አያዋጣም፣ ተገቢም አይደለም። ራቅ ያለ ሰፈር መምረጥ ይሻላል።

ስለ ሕጉ ደግሞ ይህን እወቁ። ከባሕር ዳርቻ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ቤት መሬት በቀጥታ በስሙ አይዝም። ይህ ከ1917ቱ ሕገ መንግሥት የመጣ ነው። መፍትሔው ፊዴይኮሚሶ ነው፤ ባንክ በአደራ ይይዝላችኋል፣ የመጠቀም፣ የመሸጥና የማውረስ መብት የእናንተ ነው። ለ50 ዓመት ይሰጣል፣ ይታደሳል። ወጪውን ሽሽት ቤቱን በሜክሲኳዊ ወዳጅ ስም የሚገዛ ሰው አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ወዳጅነቱ ቢቀጥል እንኳ ሰውዬው ሲሞት ቤቱ ለልጆቹ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የኤሂዶ መሬት ነው። ኤሂዶ የገበሬዎች የወል ይዞታ ነው። በ1992 ሕጉ ተሻሽሎ ወደ ግል የሚዞርበት መንገድ ተከፍቷል፤ ያ ሂደት ሳያልቅ የሚሸጥላችሁ ወረቀት ግን የባለቤትነት ሰነድ አይደለም። ባሕር ዳር ያለ መሬት ዋጋው ከሚገባው በታች ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ውሉን የሚያጸድቀው ኖታሪዮ ፑብሊኮ ይባላል። አሜሪካ ባንክ ቤት ማህተም የሚመታላችሁ ዓይነት ሰው አይደለም። መንግሥት የሾመው የሕግ ባለሙያ ነው፣ የመዝገቡንና የግብሩን ነገር ያጣራል። ቢሆንም የራሳችሁን ጠበቃ ያዙ። ሻጩ “ግብር እንዲቀንስ በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው” ካላችሁ እምቢ በሉ። ቤቱን ስትሸጡ ልዩነቱ ሁሉ እንደ ትርፍ ይቆጠርና ግብሩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የገንዘብ ጥቃቅን ነገሮች

ሜክሲኮዎች ፔሶ የሚጽፉት በዶላር ምልክት ነው። የኪራይ ማስታወቂያ ስታዩ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ጠይቁ። ኤቲኤም “በዶላር ላስብልዎ?” ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ፤ የራሳችሁ ባንክ ምንዛሪ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ነዳጅ ስትቀዱ ቆጣሪው ከዜሮ መጀመሩን እዩ።

የሚረዷችሁን ሰዎች መብት መዘንጋት

ይህ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። እኛ ራሳችን የሰው ቤት ያጸዳን፣ አዛውንት የተንከባከብን፣ ፓርኪንግ ያቆምን ሰዎች ነን። ሜክሲኮ ስንሄድ ቀጣሪዎች እንሆናለን። ቤት የምታጸዳላችሁ ሴት በሕግ መብት አላት። በየዓመቱ ከዲሴምበር 20 በፊት አጊናልዶ የሚባለውን ትከፍሏታላችሁ፤ ቢያንስ የ15 ቀን ደመወዝ ነው፣ ዓመት ካልሞላት በሠራችው ልክ። ከ2023 ጀምሮ አንድ ዓመት የሠራ ሠራተኛ 12 ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት አለው። የቤት ሠራተኛን ኢምስ ማስመዝገብም ግዴታ ነው። “እሷ ራሷ አልጠየቀችም” አይባልም። ላትጠይቅ ትችላለች፤ ሥራዋን እንዳታጣ ትፈራለች።

ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃችሁን በከረጢት የሚከቱላችሁን አዛውንቶችም አትለፏቸው። ብዙ ጊዜ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚያገኙት ጉርሻውን ብቻ ነው።

በራስ ዓለም መዘጋት

ቻፓላ አካባቢ በእንግሊዝኛ ብቻ መኖር ይቻላል። በ1955 የተመሠረተ የውጭ ዜጎች ማኅበርም አለ፤ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ስፓኒሽ ያስተምራል። ሂዱና ተማሩበት። ግን እዚያው አትቅሩ። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፣ ከዚያ ዕቃውን ጠይቁ። ምግብ ቤት ስትገቡና ስትወጡ ለሚበሉት “ፕሮቬቾ” በሉ። እንደ እኛው “እንብላ” የሚባልበት ሀገር ነው፤ ሰላም ሳይል የሚገባ ሰው ባለጌ ይባላል።

ከየት እንደመጣችሁ ሲጠይቋችሁ “ኢትዮጵያ” በሉ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በሦስተኛው መስመር ላይ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፤ ዓርማው የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን ሀገራችንን ስትወር ሜክሲኮ አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ አደባባይም የዚያ ወዳጅነት ነው። ይህን ስትነግሯቸው ወሬው ይሞቃል።

ለሚጾሙ ደግሞ አንድ ነገር። ቦሎቄና በቆሎ በሞላበት ሀገር ጾም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ተፈጭቶ የሚጠበሰው ቦሎቄያቸው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። “ሲን ማንቴካ” (ያለ ስብ) በሉና እዘዙ፣ ወይም ቤት ሥሩ።

አማርኛ የሚያወራችሁ ሰው ማጣትንም አስቀድማችሁ አስቡበት። በተለይ ባልና ሚስት ሆናችሁ ሄዳችሁ አንዱ ከሞተ የቀረው እንዴት ይሆናል? ይህ ጥያቄ ከቤት ኪራዩ ይቀድማል። ልጆች በዓመት ስንት ጊዜ መምጣት እንደሚችሉ በግልጽ ተነጋገሩ፤ “እንመጣለን” ብቻ አይበቃም።

የአሜሪካው ኑዛዜ ይበቃል ማለት

ሜክሲኮ ውስጥ ንብረት ካላችሁ እዚያው ኑዛዜ ጻፉ። አሜሪካ የተጻፈው እዚያ እስኪጸድቅ ልጆቻችሁ በትርጉምና በማህተም ይንገላታሉ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር የኑዛዜ ወር ነው፤ ኖታሪዮዎች ዋጋ ይቀንሳሉ። ሐኪም፣ ጠበቃና ጎረቤት የሚደውሉለትን አንድ ሰው ስም ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። የኑዛዜውን ቅጂና የኖታሪዮውን ስልክም ለልጆቻችሁ ላኩ። አሜሪካዊ ዜጋ ሜክሲኮ ውስጥ ሲሞት የአሜሪካ ቆንስላ የሞት ሰነድ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። ባንኩም ሶሻል ሴኩሪቲውም የሚጠይቁት ያንን ስለሆነ ልጆቹ ከአንድ በላይ ቅጂ ይጠይቁ።