የታዋቂ ሙዚቀኛ የነበረ የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ዋጋው እንዴት ይገመታል?

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስም ነው። "እገሌ የተጫወተበት ነው" ይላል። ስሙን ለጊዜው ተዉትና ከጊታሩ ጀምሩ። የማንም ባይሆን ስንት ያወጣ ነበር? መነሻ ዋጋው እሱ ነው።

መነሻውን ፋብሪካውና ዓመቱ ይወስኑታል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የጊታር አምራቹ ፌንደር በ1965 መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከመሸጡ በፊት የተሠሩት ጊታሮቹ ከኋለኞቹ በጣም ይወደዳሉ። ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት የሌላው አምራች የጊብሰን ሌስ ፖል ሞዴሎች፣ ሰንበርስት የሚባለው ከመሀል ወደ ዳር የሚጠቁር ቀለም ያላቸው፣ ደግሞ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ፣ ያለ ታዋቂ ስምም በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣሉ።

ዓመቱን ስታጣሩ በመለያ ቁጥሩ ብቻ አትተማመኑ። የድሮ ፌንደር ላይ ቁጥሩ ያለው ከጀርባ በአራት ብሎን በታሰረች ሳህን ላይ ነው። ሳህኗን መቀየር ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ክፈቱትና የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። 1376322 ቢል፣ 137 የመቆጣጠሪያው አምራች፣ ሲቲኤስ የተባለው ኩባንያ ነው፤ 63 ዓመቱ፣ 22 ሳምንቱ። መቆጣጠሪያው ከመጀመሪያው የጊታሩ ከሆነ ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ሊሠራ አይችልም። ብየዳውን ግን እንዳትነኩት! ከፋብሪካ ጀምሮ ያልተነካ ብየዳ ራሱ ገንዘብ ነው።

ቀለሙን በጨለማ በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት። በኋላ የተነካካ ቦታ ካለ ተለይቶ ይወጣል። እንደገና የተቀባ ጊታር በገበያው ልማድ ዋጋው በግማሽ ያህል ይወርዳል።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ፊርማ ማስረጃ አይደለም፤ ሙዚቀኛ በሰው ጊታር ላይም ይፈርማል። ደብዳቤና ደረሰኝ ይረዳሉ፣ ግን ፎርጅድ ይሠራላቸዋል። ከሁሉም የሚበልጠው የድሮ ፎቶ ነው። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ሁለት እንጨት ላይ አይደገምም። አካሉ በድፍን ቀለም ከተሸፈነ የአንገቱን መስመር፣ የተላጠውንና የተጫረውን ቦታ ፈልጉ።

ስታመሳክሩ ጊዜው ወደ ፊት እንደሚሄድ አትርሱ። ዛሬ ያለ ጭረት በ1970 ፎቶ ላይ ባይኖር ችግር የለውም፣ በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። በ1970 የነበረ ጭረት ዛሬ ከጠፋ ግን ወይ ቀለሙ ታድሷል፣ ወይ ጊታሩ ሌላ ነው። አንዳንድ የድሮ ፎቶ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለሚታተም የሸሚዙን ቁልፍ አቅጣጫም ተመልከቱ። አንድ ምልክት ብቻ ስለገጠመ አትቸኩሉ፤ በተለያየ ጊዜ በተነሱ ፎቶዎች ላይ በርካታ ምልክት መግጠም አለበት።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተራ ጊታር ላይ ዋጋ የሚጥለው ለውጥ፣ ሙዚቀኛው ራሱ ካደረገው ዋጋውን አይነካም። የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት የዴቪድ ጊልሞር ጥቁሩ ስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር ሞዴል) የ1969 ሥሪት ነው። አንገቱ፣ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል)፣ የፊት መሸፈኛው ሁሉ በእሱ እጅ ተቀያይሯል። እንዲያም ሆኖ በ2019 ኒውዮርክ በክሪስቲስ ጨረታ 3,975,000 ዶላር አወጣ። ብላኪ የሚባለው የጊታሪስቱ የኤሪክ ክላፕተን ጊታርማ ከበርካታ ስትራቶች ዕቃ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው፤ በ2004 ግን 959,500 ዶላር ተሸጧል። ስለዚህ "ተቀይሯል ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ማን ቀየረው፣ መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሙዚቀኛው እጅ ከወጣ በኋላ "ላሳምረው" ብሎ የነካካው ሰው ነው የሚያበላሸው።

በመጨረሻ ምን እንደተጫወተበት አጣሩ። ቤት ውስጥ ተሰቅሎ የኖረና መላው ዓለም ያየው ኮንሰርት ላይ የተሰማ ጊታር ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን በ1993 ኤምቲቪ አንፕለግድ በተባለው የቴሌቪዥን ኮንሰርት የተጫወተበት ማርቲን ዲ-18ኢ፣ ፒክአፕ የተገጠመለት የ1959 አኩስቲክ ነው። ሞዴሉ በዘመኑ ገበያ አላገኘም ነበር። በ2020 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው ያን ምሽት ስለነበረ ነው።

ከአገር አስወጥታችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ የጣት ሰሌዳውን እንጨት ቀድማችሁ አስመርምሩ። የ1960ዎቹ መጀመሪያ ጊታሮች ብዙዎቹ የብራዚል ሮዝውድ አላቸው። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገድበው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ስር ስለሆነ፣ የፈቃድ ወረቀት ከሌላችሁ ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ይችላል።