የጅማ መጽሐፍ መደብሮች ከኦንላይን ሻጭና አሳታሚዎች ጋር ሲፎካከሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቴሌግራም መጽሐፍ ከሚሸጡት መካከል ራሳቸው አሳታሚ የሆኑም አሉ። ደራሲውን ያናግራሉ፣ የማሳተሚያውን ወጪ ይሸፍናሉ፣ በቻናላቸው ያስተዋውቃሉ፣ ገንዘቡን በቴሌብር ተቀብለው መጽሐፉን በአውቶቡስ ይልካሉ። ጅማ ላይ ኪራይ እየከፈለ መጽሐፍ ለሚሸጥ ሰው ፉክክሩ ከባድ ነው። ሆኖም ሱቆችን የሚጎዳው የተፎካካሪው አቅም ብቻ አይደለም። በገዛ እጃችን የምንሠራቸው ስህተቶችም አሉ፤ እነሱን ማረም የሚቻለውም እዚሁ ነው።

«የኦንላይን አሳታሚውን መጽሐፍ ሱቄ አላስገባም» ማለት

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ንዴቱ ይገባኛል፤ ደንበኛዬን ለሚወስድ ሰው መደርደሪያዬን ለምን እሰጣለሁ የሚል ሰው ምክንያት አለው። ነገሩ በትልቁም ተሞክሯል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1995 መጽሐፍ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ፤ በ2009 ደግሞ በራሱ ስም ማሳተም ውስጥ ገባ። በ2012 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካው መጽሐፍ ሻጭ ድርጅት ባርንስ ኤንድ ኖብል አማዞን ያሳተማቸውን መጻሕፍት በመደብሮቼ አላስቀምጥም አለ። ቅሬታው አማዞን ከደራሲዎችና ከአሳታሚዎች ጋር ብቸኛ የመሸጥ ውል እየፈረመ ሌላው እንዳይሸጥ ያደርጋል የሚል ነበር። ቡክስ ኤ ሚሊየንና የካናዳው ኢንዲጎም ተከተሉት።

እርምጃው ከንቱ አልነበረም፤ መጽሐፉ መደብር ውስጥ እንዲታይለት የሚፈልግ ደራሲ ከአማዞን ጋር ለመዋዋል እንዲያመነታ ምክንያት ሆኗል። አማዞን ግን ማሳተሙን አላቆመም። ደግሞም ባርንስ ኤንድ ኖብል ያኔ ወደ 700 የሚጠጉ መደብሮች ነበሩት። ጅማ ላይ ያለ አንድ ሱቅ ሲያኮርፍ አሳታሚው ወሬውም አይደርሰው። የሚጎዳው በባጃጅ መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለሰው አንባቢ ነው፤ እሱም በራፉ ላይ ቆሞ ስልኩን ያወጣና ከቻናሉ ያዝዛል።

ይልቅ መጽሐፉን ተቀብላችሁ በውሉ ላይ ተከራከሩ። ለአዲስ አበባ ሱቆች የሚሰጠው ቅናሽ ለእኛም ይሰጠን፤ ያልተሸጠው ይመለስ፤ መጽሐፉ በቻናሉ በሚለቀቅበት ቀን ጅማም ይድረስ። በተለይ የመጨረሻዋን አትልቀቁ። አሳታሚው ለሳምንታት ለብቻው ሸጦ ትርፍራፊውን ለሱቅ የሚልክ ከሆነ ፈላጊው ቀድሞ አግኝቶታል፤ ለሱቁ የሚቀረው መጋዘንነት ነው።

በዋጋ ብቻ ለመፎካከር መነሣት

ሒሳቡን እንየው። ሽፋኑ ላይ 500 ብር የተጻፈበት መጽሐፍ ለሱቅ በ30 በመቶ ቅናሽ ተሰጠ እንበል። ሱቁ በ350 ብር ይረከባል፤ ከ150 ብሩ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝና የማስጫኛ ይወጣል። አሳታሚው ያንኑ መጽሐፍ በቻናሉ በ420 ብር ቢሸጥ ለሱቅ ከሚያስረክብበት 70 ብር ይበልጥ ያገኛል። ሱቁ በ420 ልሽጥ ካለ ግን ወጪውን ሁሉ የሚችለው በ70 ብር ነው። አሳታሚውም ሻጩም አንድ ሰው ሲሆን ሁለቱም ትርፍ ወደ አንድ ኪስ ስለሚገባ በዚህ ጨዋታ አይረታም።

ሱቁ የሚበልጠው በሌላ በኩል ነው። መጽሐፍ አንዳንዴ ገጽ ዘሎ ወይም ገጽ ደጋግሞ ይጠረዛል፤ ከ48 ቀጥሎ 65 ይመጣል። ከአዲስ አበባ ያስላከ ሰው ያንን ለማስቀየር ወደ 350 ኪሎ ሜትር መልሶ መላክ አለበት። ሱቁ «ጉድለት ካለው እዚሁ ይቀየራል» ብሎ ደረሰኙ ላይ ይጻፍና ቃሉን ይጠብቅ። ሲሸጥም ደንበኛው ፊት ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ማሳየት ነው።

«የለም» ብሎ ዝም ማለት

የተጠየቀውን ሁሉ መያዝ አይቻልም። ግን አንድ ደብተር መደርደሪያው ሥር ይቀመጥ፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የደራሲው ስም፣ የጠያቂው ስምና ስልክ። ጥያቄዎች ሲጠራቀሙ በአንድ ጥቅል ማስጫን ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የሚደርሰው የማጓጓዣ ዋጋም ይወርዳል። መጽሐፉ እንደደረሰ መደወል እንጂ ሰውየው እስኪመለስ መጠበቅ አይገባም። ያው ደብተር ከተማው ምን እንደሚያነብም ይናገራል፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ምን እንደሚፈልግ። ይህን መረጃ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሻጭ በቀላሉ አያገኘውም።

መጽሐፉን ለእርጥበት መተው

ስለዚህ የሚናገር ሰው ብዙም አልሰማሁም፤ ግን ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተደረደረ መጽሐፍ ክረምቱ ሲወጣ ጠርዙ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይጠቀለላል፣ ሲከፈትም የሻጋታ ሽታው ይመጣል። አንባቢ ሱቅ የሚመጣው ዳሶና አገላብጦ ለመግዛት ስለሆነ ይህ ጉዳት ትንሽ አይደለም። መደርደሪያውን ከግድግዳው ፈቀቅ፣ የታችኛውን ረድፍ ከወለሉ ከፍ ማድረግ፣ በክረምት ታች ያሉትን እያወጡ ማናፈስ ይጠቅማል። ሁሉንም በላስቲክ አሽጎ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም፤ ከየርዕሱ አንድ ቅጂ ለሚያገላብጥ ክፍት ይሁን።

የደራሲን ሒሳብ ማጓተት

በአገራችን ብዙ ደራሲ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ያስረክባል። «ሲሸጥ ይከፈልሃል» ተብሎ ይሄዳል፤ ሲደውል «ነገ»፣ ነገ ሲመጣ «ባለቤቱ የለም» ይባላል። ይህን ያየ ደራሲ ቀጣዩን ሥራውን ለኦንላይን አሳታሚ በብቸኝነት ቢፈርም እንዴት ይወቀሳል? ብቸኛ ውል መጣብን ብሎ ከማማረር በፊት ስንት ቅጂ ገባ፣ ስንት ተሸጠ የሚለውን መዝግቦ በየወሩ መጨረሻ ሒሳብ መዝጋት ያስፈልጋል። እዚሁ ጅማ የሚኖር ደራሲ በተለይ፣ ገንዘቡ በጊዜው ከደረሰው፣ መጽሐፉን መጀመሪያ ለከተማው ሱቅ ይዞ ይመጣል።

በፎቶ ኮፒ ክፍተት መሙላት

መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ አባዝቶ መሸጥ የሚፈትን ነገር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ አውቆ የጣሰ በእስራት ይቀጣል። ሕጉ ባይኖርም ደራሲውን እየዘረፉ ለመጽሐፍ ቆሜያለሁ ማለት አይቻልም። በደብተሩ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ፣ ግን የትም የማይገኝ ርዕስ ካለ ደራሲውን ወይም ወራሾቹን አፈላልጎ ለዳግም ኅትመት በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ሱቅ ብቻውን የኅትመቱን ወጪ ካልቻለ ሁለት ሦስት ሆነው ይካፈሉት። ያኔ የጅማ ሱቅም ሻጭ ብቻ ሳይሆን አሳታሚ ይሆናል፤ ቅናሹንም የሚወስነው እሱ ነው።