ለውርንጭላ ስንል የምናጠፋው ጥፋት

ወገራ ያሉት አጎቴ አንዲት ዳማ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ነበረቻቸው። አንድ ሌሊት ወለደች። ጠዋት ላይ «እንገር ሆዱን ይነፋዋል» ብለው የመጀመሪያውን ወተት አልበው ደፉት። በአምስተኛው ቀን የውርንጭላው ጉልበት አብጦ መቆም አቃተው። በሳምንቱ ሞተ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

እንገር መድፋት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ሰው ልጁን በሆዱ እያለ በሽታ መከላከያ ያካፍለዋል። ባዝራ ግን አትችልም። ውርንጭላ ባዶውን ይወለዳል፤ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው። ለዚያውም ጊዜ የለውም። 24 ሰዓት ሲሞላ አንጀቱ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ቢጠጣም አይጠቅመውም። በ2 ሰዓት ውስጥ ጡት ካልያዘ ዝም ብላችሁ አትዩ። እንገሩን ንጹሕ ዕቃ ላይ አልባችሁ በጡጦ ስጡት፤ የእንስሳት ሐኪምም ጥሩ።

እትብት በምላጭ መቁረጥም አለ። ባዝራዋ ስትነሳ ወይ ውርንጭላው ሲንፈራገጥ ራሱ ይበጠሳል፤ ተዉት። አመድ ወይም ፋንድያ መቀባት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም የሚኖረው አፈርና ፋንድያ ውስጥ ነው። የተበጠሰውን ጫፍ ሐኪም በሚያዘው አዮዲን ንከሩት።

ሌላው በላም ልምድ ባዝራን መያዝ ነው። ላም የእንግዴ ልጅ ሳትጥል ብታድር ብዙ አንደነግጥም። ባዝራ ግን 3 ሰዓት ካለፋት አደጋ ነው። ቁራጭ እንኳ ውስጧ ቢቀር ይመርዛታል፤ ጉዳቱ እስከ ሰኮናዋ ይወርዳል። እየጎተታችሁ አታውጡት፣ ድንጋይም አትሰሩበት። ጎንደር ከተማ አጠገብ ላላችሁ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለው፤ ባለሙያ ሩቅ አይደለም።

ውርንጭላው የእናቱን ፋንድያ ሲበላ አትምቱት። ለሆዱ የሚያስፈልጉትን ጠቃሚ ተህዋስያን የሚያገኘው እንዲያ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ትንሽ ቢያስቀምጠውም ብዙ ጊዜ ያልፍለታል። መጥባት ካቆመ ግን ቶሎ ሐኪም ይየው።

እናቱ የሞተችበትን የላም ወተት ብቻ ማጠጣት ጥሩ አይደለም። ከባዝራ ወተት ይልቅ ቅባቱ ይበዛል፣ ስኳሩ ያንሳል። የምታጠባ ሌላ ባዝራ ከተገኘች እሷን አስለምዱት።

አዘዞ መንገድ ላይ ሁሌ ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ። እናት ጋሪ ትጎትታለች፣ ውርንጭላዋ አስፋልቱን እየረገጠ ከጎኗ ይሮጣል። የጋሪ እንጀራ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሥራ አታስገቧት፤ ውሃና ሣር ጨምሩላት። እሱንም ዓመት ሲሞላው አካሉን አይታችሁ ጭነት አትጫኑበት። የጀርባ አጥንቱ እስከ 5 ዓመት ገደማ ገና እያደገ ነው።