የሚስጥራዊ ሸማች ሪፖርትን በተጣበበ ጊዜ ጽፎ ማስረከብ እንዴት ይቻላል?

ሚስጥራዊ ሸማች፣ በተለምዶ ሚስትሪ ሾፐር የሚባለው፣ እንደማንኛውም ደንበኛ ወደ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ባንክ ወይም ነዳጅ ማደያ ገብቶ የተሰጠውን አገልግሎት ከታዘበ በኋላ ያየውን በዝርዝር ጽፎ ለላከው ድርጅት የሚያስረክብ ሰው ነው። ከውጭ ለሚያየው ሥራው መግዛትና መብላት ይመስላል፤ ክፍያው የሚገኘው ግን ከሪፖርቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ድርጅቶች ሪፖርቱ ጉብኝቱ በተደረገበት ዕለት፣ ወይም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቃሉ። ጊዜው ካለፈ የድካም ዋጋውም ሆነ ለግዢ ከኪስ የወጣው ገንዘብ ሊቀር ይችላል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ፣ ይህን ሥራ ከዋናው ሥራዬ ጎን ለጎን ስሠራ እንደታዘብኩት፣ ሪፖርት የሚዘገየው በአብዛኛው ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም ግማሽ ያህሉ ከጉብኝቱ በፊት የሚሠሩ ናቸው።

1. የማስረከቢያውን ሰዓት በትክክል ይለዩ

ሥራውን እንደተቀበሉ የማስረከቢያውን ቀንና ሰዓት በሚኖሩበት ከተማ አቆጣጠር አስልተው ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ። ይህ ነገር በአበሻ ሰዓት ለሚያስብ ሰው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ማክሰኞ ጉብኝት ሪፖርት «እስከ ረቡዕ 12:00 ኤ.ኤም» እንዲገባ ተጽፎልኝ ነበር። 12:00 ኤ.ኤም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን «ረቡዕ ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ሲባል ረቡዕ ውሎ፣ መሽቶ የሚመጣው ሌሊት ወደ አእምሮዬ ስለመጣ፣ ሙሉ ቀን የቀረኝ መስሎኝ ተኛሁ። የተፈለገው ግን ለረቡዕ አጥቢያ ነበር። ጠዋት ቅጹን ስከፍት ተዘግቶ አገኘሁት፤ የበላሁት ምሳም በራሴ ሒሳብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ 12:00 ኤ.ኤም የሚል ባየሁ ቁጥር አንድ ደቂቃ ቀንሼ፣ ቀኑንም ወደ ኋላ መልሼ፣ «ማክሰኞ 11:59 ፒ.ኤም» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ አሰፍራለሁ።

ሰዓቱ የማን ሰዓት እንደሆነም ይጠይቁ። ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው ሰዓቱን በምሥራቁ ጠረፍ ለሚቆጥር ድርጅት ሲሠራ፣ የእኩለ ሌሊቱ ገደብ በእሱ ሰዓት ገና 9:00 ፒ.ኤም ላይ ያበቃል፤ ሦስት ሰዓት ሳያውቀው ይሄድበታል። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለ ሰው ሦስት ሰዓት ያተርፋል፣ ሆኖም በዚህ ትርፍ መተማመንን አልመክርም።

2. ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት የሪፖርቱን ጊዜ ይደምሩ

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው የጉብኝቱ ርዝመት ብቻ ነው። አንድ ተራ የምግብ ቤት ጉብኝት ለእኔ የመንገዱ 25 ደቂቃ፣ የቆይታው 40 ደቂቃ፣ የሪፖርቱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ስንት ቦታ መድረስ እንደሚችሉ ሳይሆን በዚያው ማታ ስንት ሪፖርት መጻፍ እንደሚችሉ ይቁጠሩ። የእኔ ቁጥር ሁለት ነው። ሦስተኛውን የተቀበልኩባቸው ቀናት የሁለተኛውን ገንዘብ ተቀባይ መልክ ከሦስተኛው ጋር ያደባለቅኩባቸው ቀናት ናቸው።

3. ቅጹን አስቀድመው ያንብቡ

መመሪያውን ብቻ አንብቦ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው። ሪፖርቱ የሚሞላበትን ቅጽ ራሱን ከፍተው እስከ መጨረሻው ይውረዱና ሦስት ነገሮችን ነቅሰው ያውጡ፤ ሰዓት የሚጠይቁትን፣ የሠራተኛ ስም ወይም መልክ የሚጠይቁትን፣ ፎቶ የሚጠይቁትን። ቀሪው «አዎ» ወይም «አይ» ስለሆነ ከትዝታ ይሞላል፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ካመለጡ ተመልሶ ማግኘት አይቻልም። ጥያቄዎቹን በቅጹ ቅደም ተከተል አንድ ባዶ ሰነድ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ማታ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያተርፋል።

4. በጉብኝቱ ወቅት ሰዓቱን ይያዙ

ለራስዎ የስልክ መልእክት መላክ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት የተላከበትን ደቂቃ ይዞ ስለሚቀር ሰዓት መጻፍ አያስፈልግም። የእኔ መልእክቶች አጫጭር ናቸው፤ «ገባሁ»፣ «ከፊቴ ሁለት»፣ «ሰላም አለችኝ»፣ «ከፈልኩ»፣ «ሳህኑ መጣ»። ለሚያይ ሰው ከእህቴ ጋር የምጻጻፍ ይመስላል። በአማርኛ ስለምጽፍም ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጮልቆ ቢያይ አይገባውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን ይህ ዋስትና አይሆንም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ የአገር ልጅ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነውና ስልኩን ደረት ላይ መያዝ ይበጃል። ሰከንድ የሚጠይቁ ቅጾች ካጋጠሙዎት፣ ተራዎ ሊደርስ ሲል የስልኩን ጊዜ መቁጠሪያ አስነስተው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት።

ደረሰኙ ላይ የታተመው ሰዓት የቀሩትን ሰዓቶች ሁሉ ማስተካከያ ነው። በልማድ «ከቀኑ 7:20» ብዬ የያዝኩትን ሳልቀይር 7:20 ፒ.ኤም ብዬ ባስገባ፣ 1:24 ፒ.ኤም የሚለው ደረሰኝ ወዲያው ያጋልጠኛል፤ ሪፖርቱም ይመለሳል። ስለዚህ የሥራ ማስታወሻዎን በፈረንጅ ሰዓት ብቻ ይያዙ።

ለማስታወስ ይረዳል ብሎ ንግግርን በድብቅ መቅዳት ግን መፍትሔ አይደለም። በሜሪላንድና በካሊፎርኒያ ሕግ የግል ንግግርን ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቨርጂኒያ ሕግ የአንዱ ተናጋሪ ፈቃድ ይበቃል ይላል። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚለየውን ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ሕግ ከማስታወስ የራስን ትዝታ ማሠልጠን ይቀላል።

5. መኪናው ውስጥ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይጨርሱ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ይህን እመርጥ ነበር። ከቦታው ወጥተው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ማቆሚያ ራቅ ብለው መኪናዎን ካቆሙ በኋላ፣ ሞተሩን ለመሄድ ሳያስነሱ ያዩትን ሁሉ ከበሩ ጀምረው እስከ መውጫው ለስልክዎ ድምፅ መቅጃ ይተርኩ። በባቡር ወይም በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጆሮው ላይ ስልክ ይዞ ለሰው የሚያወራ በመምሰል ያንኑ ማድረግ ይችላል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ቢሆንም ትረካው በአማርኛ ይሁን፤ ቃል ስንፈልግ የምናጠፋው ጊዜ ዝርዝሩን ያስረሳናል። ሌላም ጥቅም አለው፤ «አለችኝ»፣ «አመጣልኝ» ስንል ግሱ ራሱ ሴት ወይም ወንድ መሆናቸውን ስለሚናገር፣ ማታ ስናዳምጠው ትእዛዝ የተቀበለን ማን፣ ምግቡን ያመጣው ማን እንደሆነ አይምታታም። ስም ካላዩ ቁመት፣ ጸጉር፣ መነጽርና ግምታዊ ዕድሜ ይናገሩ።

ደረሰኙንም እዚያው ፎቶ ያንሱ፣ ወዲያውም አጉልተው ቀኑና ሰዓቱ መነበቡን ያረጋግጡ። ብዙ ደረሰኞች የሚታተሙበት ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ሲቆይም ይደበዝዛል፤ በሐምሌ ፀሐይ መኪና ውስጥ የተረሳ ደረሰኝ ለማስረጃነት አይበቃም።

6. ሲጽፉ ከትንሹ ይጀምሩ

ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ይጫኑ፤ ፋይሉ ከበዛበት ገጹ አልቀበልም የሚለው ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ነው። ቀጥሎ ሰዓቶቹንና «አዎ፣ አይ» የሚሉትን ይሙሉ። ማብራሪያውን ግን ገጹ ላይ በቀጥታ አይጻፉት፤ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ ገጽ ሊዘጋና የጻፉትን ይዞት ሊሄድ ይችላል። በሌላ ሰነድ ጽፈው ይገልብጡት።

እያንዳንዱ «አይ» ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ሪፖርት አራሚዎች በብዛት የሚመልሱትም ይህ የጎደለበትን ነው። «ሠራተኛዋ ትሕትና አልነበራትም» የሚለው አስተያየት ነው፤ ምን አየህ ብለው ይመልሱታል። «ሠራተኛዋ ከስልኳ ቀና ሳትል ‹ቀጣይ› አለች፤ ሒሳቡን ከነገረችኝ በኋላም ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ትታ ፊቷን አዞረች» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ጥያቄ አይመጣበትም። ረዘም ያለው ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የተመለሰ ሪፖርት ግን የማግሥቱን ግማሽ ቀን ይበላል።

የረሱትን ነገር በግምት አይሙሉ። ሪፖርቱ የሚደርሰው ደንበኛ ድርጅት፣ ማለትም የጎበኙት ቦታ ባለቤት፣ ካሜራም፣ የሽያጭ መዝገብም አለው።

7. ካልደረሰልዎት አስቀድመው ይናገሩ

ልጅ ቢታመም፣ መብራት ቢጠፋ፣ መኪና ቢበላሽ፣ ገደቡ ከማለፉ በፊት ሥራውን ላስያዘዎት ሰው ይጻፉ። መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ጉብኝቱ መደረጉን፣ ደረሰኙ መጫኑን፣ ምን ያህል ክፍል እንደቀረና በስንት ሰዓት እንደሚጨርሱ ቁርጡን ይናገር። ይሉኝታ ይዞን ዝም የምንል ሰዎች ብዙ ነን፤ ጥያቄው ግን በዚያ በኩል እንደ ድፍረት አይታይም። ከእኩለ ሌሊት በፊት «እስከ ጠዋት ስጡኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይሰጠዋል። ገደቡ ካለፈ በኋላ የሚላክ ይቅርታ ግን ሥራው ለሌላ ሰው ከተሰጠ ወዲያ ሊደርስ ይችላል።

ሪፖርቱ ከገባ በኋላም እስከ ማግሥቱ ማታ ኢሜይልዎን ይከታተሉ፤ አራሚው ጥያቄ ከላከ ለመልሱም የራሱ ገደብ አለው። ማስታወሻውን፣ የድምፅ ቅጂውንና ደረሰኙን ገንዘቡ አካውንትዎ እስኪገባ ድረስ አይጣሉ።